ባቡር የያዘው ክፍል

የስደት ወሬ ሁሉ የሚጀምረው በጨለማ ነው። ውሻ ይጮሃል፣ እናት በር ላይ ታለቅሳለች፣ ደላላው ከአጥር ጀርባ ያፏጫል። እኔ ከአሶሳ የወጣሁት ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ገበያው ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሹፌሩ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ኩርሙክ የሚሄደውን ሰው እየተጣራ ነበር የሚጭነው። አንድ የማውቀው ሰው «ሰይዶ፣ ወዴት ነው?» ሲለኝ «ሱዳን» አልኩት። «ስትመለስ ሽቶ እንዳትረሳኝ» ብሎኝ ወደ ቲማቲሙ ዞረ። የተሸኘሁት እንዲህ ነው፤ የሚያለቅስልኝ ሰው ቢኖር እንኳ በሽንኩርቱ ያመካኝ ነበር።

እውነተኛው ስንብት የነበረው በዋዜማው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔና ሚስቴ ዘሀራ የቤታችንን ዙሪያ ሣር ስናቃጥል። ይህን ለአሶሳ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ ግን አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚያነብም ይኖራልና ልንገረው። መንደራችን በቁጥር የምትጠራ የሰፋሪ መንደር ናት፤ አባቴ ከወሎ መጥቶ ሲሰፍር ስም ሊያወጣላት ጊዜ ያገኘ ሰው አልነበረም። ቤታችን የቀርከሃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ከዚያ ማን እንደለኮሰው የማይታወቅ ሰደድ እሳት ከሆነ አቅጣጫ ይመጣል። ስለዚህ ኅዳር ላይ፣ ሣሩ ገና ግማሽ እርጥብ ሳለ፣ የቤትህን ዙሪያ አሥር እርምጃ ያህል ቀድመህ ራስህ ታቃጥላለህ። እሳቱ ሲመጣ የሚበላው ያጣና በሌላ በኩል ያልፋል። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ይለኩሳል፣ ሌላው እርጥብ ቅጠል ይዞ ወደ ቤቱ የሚዞረውን እየመታ ያጠፋል። እኔ እለኩሳለሁ፣ ዘሀራ ትመታለች።

ስንጨርስ ቤታችን በጥቁር ቀለበት መሃል ቀረ። ዘሀራ ፊቷ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ «ከርሞስ ማን ይለኩሳል?» አለችኝ።

«ከርሞ አንቺ እዚህ የለሽም። እወስድሻለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

የማልኩት ከልቤ ነው፤ ያኔ ጀርመኖችን ገና አላውቃቸውም ነበር።

ዘሀራ በርታ ናት፣ ከአካባቢው ነባር ሕዝብ። አማርኛን ያነሳችው ከገበያ ነው፣ ወንድና ሴቱን አትለይበትም፤ እናቴን «እማ መጣ፣ እማ ተቆጣ» ትላታለች። እኔ አርሜያት አላውቅም፣ እናቴም ወድዳው ነበር።

መንገዱን አልተርክም። ስለ ሊቢያ ረዘም አድርጎ የሚያወራ ሰው ወይ አልነበረባትም፣ ወይ ምሳ የሚጋብዘው ሰው ይፈልጋል። አሶሳ ሳለሁ ሥራዬ የቀርከሃ ወንበር፣ አልጋና መደርደሪያ ነበር፤ ካርቱምም ያንኑ ሠርቼ የመንገዴን አገኘሁ። ባሕሩን የተሻገርኩት ዓይኔን ጨፍኜ ስለሆነ መልኩን አላውቅም። ጣሊያን ስደርስ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ተሳፈርኩ፤ አሶሳ ባቡር ደርሶ አያውቅማ። የተሳፈርኩት ሽንት ቤቱ ውስጥ ተቆልፌ ነው። ተቆጣጣሪው ሲያንኳኳ እንደሚያስመልሰው ሰው አጓራሁ፣ ተጸይፎኝ ሄደ። ባቡር ከሩቅ ሲያዩት ያምራል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ በደንብ የማውቀው የመጸዳጃ ቧንቧውን ነው።

ጀርመን ገብቼ ወረቀት እስካገኝ ሦስት ዓመት ፈጀ። ያረፍኩት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፣ ሥራዬም ካርቶን ፋብሪካ። ሰማያቸው ዕቃ የታጠበበት ውሃ ይመስላል፣ ዳቧቸው ሰው ይፈነክታል። አሶሳ ማንጎ ከእግራችን ሥር ሲበሰብስ በአካፋ ዝቀን እንጥለዋለን፤ እዚህ አንዲቷን በወረቀት ጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ ያስተኟታል፣ ቀምሰሃት እንጨት ናት። አገር ቤት ስደውል ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉ ነገር ሸጋ ነው» እላለሁ። እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ሁላችንም ውሸታሞች ነን።

በነዚያ ዓመታት ኅዳር በመጣ ቁጥር ዘሀራ ትለኩሳለች፣ እናቴ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ቅጠል ይዛ ትመታለች። በስልክ ሲነግሩኝ ሁለቱም ይስቁ ነበር። እኔ አልስቅም።

ወረቀቴ ሲወጣ ሚስትህን ማምጣት ትችላለህ አሉኝ፣ ቤት ካለህ። አለኝ አልኩ። ቤትህ ትንሽ ነው አሉኝ። ሕጋቸው ሰውን በካሬ ሜትር ይለካል። እኛ ቤት አባትና እናቴ፣ አምስት ልጅና ሁለት ፍየል ባንድ ክፍል ስናድር ሜትር ይዞ የመጣ አልነበረም። እኔ የምኖረው በአንድ ጡረተኛ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ሁለት ክፍል አለ፣ አንዱ የኔ ነው። ሌላኛው ሁልጊዜ የተቆለፈ ነው። ሁለቱ ቢደመሩ ዘሀራ ሕጋቸው በሚለው ልክ ትገባለች፣ ትተርፋለችም።

አከራዬ ሄር ኩንዝ ይባላል፤ ሄር አቶ ማለት ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ዕድሜውን ኢንሹራንስ ቢሮ ወረቀት ሲያገላብጥ ኖሯል። ለሽማግሌ አንቱ ማለት እናቴ አስተምራኛለች፣ ፊት ለፊትም አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንተ ይበቃዋል። አንድ እሑድ የተሰበረች ወንበሩን ጠገንኩለት፤ ከቀርከሃ ጋር የምትዛመድ ነገር ስለነበረች እጄ አልቦዘነም። ወንበሯን አገላብጦ፣ ጣቶቼን እንደ በሬ ጥርስ አይቶ፣ ቁልፍ አወጣና ያንን ክፍል ከፈተልኝ።

ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የያዘው አንድ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጋራ አለ፣ ዋሻ አለ፣ ድልድይ አለ፣ መንደር አለ፣ ጣቢያ አለ። ሁሉም ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰ ነው። ሄር ኩንዝ አንድ ነገር ተጫነ፣ ከዋሻው ጥቁር የእንፋሎት ባቡር እየተንተከተከ ወጣና ዞረን። ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰውዬ ወገቡን አጉብጦ በዓይኑ ይከተለዋል።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለኝ።

ሃያ ሁለት ቀን መስሎኝ ነበር፣ ደገመልኝ።

እንዴት እንደናቅሁት ልነግራችሁ አልችልም። ግን ጉዳይ አለብኝ፣ ስለዚህ አደነቅኩ። «ሄር ኩንዝ፣ ይኼ እዚህ ለዘላለም ነው የሚኖረው?» አልኩት።

አይደለም። የባቡር ወዳጆች ማኅበር የሚሉት አላቸው፣ ሽማግሌዎች ናቸው። ሥራው ሲያልቅ ማኅበሩ በጭነት መኪና ወስዶ አዳራሹ ውስጥ ያቆመዋል፣ ክፍሉም ባዶ ይሆናል፣ ለኔም ያከራየኛል። የቀረ ትልቅ ነገር የለም፣ ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ባቡሩ ይሄዳል። የቀረው እውነተኛ እንዲመስል የሚያደርጉት ጥቃቅን ነገሮች ብቻ ናቸው፣ የሱ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። «አንተ ብትረዳኝ ኅዳር ላይ ያልቃል» አለኝ።

እኔም ያንኑ ዕለት ለዘሀራ ደወልኩ። «ኅዳር ላይ ክፍሉ ባዶ ይሆናል» አልኳት።

እንግዲህ እሑድ እሑድ እውነተኛ ማስመሰል ጀመርኩ። ሰዎች፣ እነዚህ ሰዎች አቧራ ገዝተው ነው የሚያመጡት። መደርደሪያ ሙሉ ጠርሙስ አለው፤ በአንዱ የመንገድ አቧራ፣ በአንዱ ያረጀ ዝገት፣ በአንዱ ጥቀርሻ። ቤቱን በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጠርግ ሰው፣ ጫማዬን ደጃፍ ላይ ካላወለቅሁ የሚቆጣ ሰው፣ አዲስ የባቡር ፉርጎ ከፖስታ ቤት ተቀብሎ በብሩሽ ዝገት ይቀባዋል። ጠጠሩን በሐዲዱ መሃል አፍስሰን፣ ሙጫ በውሃ አቅጥነን፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርገን፣ በዓይን ጠብታ ማንጠብጠቢያ አንድ በአንድ እናጣብቃለን። የበርች ዛፍ ፍሬ በትነን የረገፈ ቅጠል ነው እንላለን። ለመንደሩ አጥር ከቀርከሃ ስንጣሪ ሠራሁለት፣ ክብሪት ከመሰለ ቀጭን ፍልጥ። እዚያ ላይ እጄን አልናቅሁም፣ ሥራ ሥራ ነው።

ችግሩ «አለቀ» የሚለው ቃል ከሰውዬው አፍ አለመውጣቱ ነው። በጨረስን ቁጥር ይጎነበሳል፣ መነጽሩን ያወጣል፣ «ኖኽ ኒሽት» ይላል፤ ገና ነው ማለቱ ነው። አንዴ የጣቢያውን ጣሪያ እያየ ቆየና ጠየቀኝ።

«እዚህ ጣቢያ ላይ እርግቦች ይኖራሉ?»

«ይኖራሉ።»

«ታዲያ ኩሳቸው የታለ?»

ያን እሑድ ሙሉ ነጭ ቀለም በመርፌ ጫፍ እየነካሁ የእርግብ ኩስ ስሠራ ዋልኩ። ዘሀራ ደውላ «ምን ስትሠራ ዋልክ?» ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት። «ጀርመን ውስጥ እርግብ የለም?» አለችኝ። አለ አልኳት። «ታዲያ ምን ጎደላቸው?» አለችኝ።

ጥቅምት ላይ የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ጠሩኝ። ጉዳዬን የያዘችው ሴትዮ ጠረጴዛዋ ላይ የቁልቋል ተክል አላት፣ እሷና ቁልቋሉ በደንብ ይግባባሉ።

«ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?»

«ማንም።»

«ስለዚህ ባዶ ነው።»

«ባቡር አለበት።»

መነጽሯን አወለቀች። «ምን አሉኝ?»

«ትንንሽ ባቡር። የአከራዬ ነው፣ በቅርቡ ይወጣል።»

«ባቡር ካለበት ባዶ አይደለም።»

«ባቡሩ እኮ አይተኛም። ምግብም አይበላም።»

«ባዶ የሚባለው ሲለቀቅ ነው። አከራይዎ ክፍሉ መለቀቁን የፈረመበትን ወረቀት ያምጡ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካላመጡ ጉዳዩ ይዘጋል፣ እንደ አዲስ ያመለክታሉ፣ ባለቤትዎም ኤምባሲው የሰጣቸው ቀጠሮ ያልፋቸዋል።»

ዓመቱ የነሱ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ያልቃል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ጀርመንኛዬ ጥሩ ነው፣ ተገልብጦም አነባለሁ። «ሁለተኛው ክፍል በባቡር ተይዟል» ይላል። ሚስቴን ቦታ የነሷት ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሱ ሰዎች ናቸው፣ መንግሥትም አምኖ መዝግቧል።

ለሄር ኩንዝ ነገርኩት። ደነገጠ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሞኝ ነው እንጂ። «የማኅበሩ ሰዎች ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ይምጡ፣ ይዩት፣ ይውሰዱት» አለ፣ እዚያው ስልክ ደውሎ ቀን ቆረጠ። ከዚያ ቀን በፊት የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመንደሩ መሬት። አሥራ አራቱ ቤቶች ዙሪያ ባዶ ቡናማ ቀለም ነው። እሱ ባሕር ዳርቻ ያለች እኅቱን ሊጠይቅ ለአንድ ሳምንት ሊሄድ ነው፣ ቁልፉን ሰጠኝ። «የመከር መጨረሻ አድርገው። ሣሩ የደረቀበት ጊዜ። በእውነት እንደሚሆነው» አለኝ።

በእውነት እንደሚሆነው አለኝ፣ ይህን ቃል ያዙልኝ።

ሣራቸው የሚተከለው በወንፊት ነው። ወንፊቱ ኤሌክትሪክ አለው፤ ሙጫ ላይ ስትነፋው ብናኙ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሑድ ጠዋት ቢጫ ሣር፣ ረጅም ሣር ነፋሁ፣ ግድግዳዎቹ ድረስ። ሲደርቅ ራቅ ብዬ አየሁት። በጣም ጥሩ ነበር፣ ሊያልቅ ነበር፣ ቁልፉን ቆልፌ ብወጣ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ግን ተመልሼ ጎንበስ አልኩ። አሥራ አራት ቤት፣ ደረቅ ሣር ግድግዳቸውን ታክኮ ቆሟል፣ የነካው ሰው የለም። ምን ዓይነት ዝርክርክ ሰዎች ናቸው፣ እሳት ቢመጣስ አልኩ። ፕላስቲክ መሆናቸውን አውቃለሁ። እጄ ግን አያውቅም።

ሄር ኩንዝ ሥጋ የሚጠብስበትን ከሰል ከጓሮ አመጣሁ። ፈጨሁት፣ ነፋሁት። በያንዳንዱ ቤት ዙሪያ ሣሩን ላጨሁና ጥቁሩን ነሰነስኩ፣ ዳር ዳሩን ጉርድርድ አደረግሁት፣ እሳት በመስመር አይሄድምና። አመድ ጣል ጣል አደረግሁበት። አንድ ነገር ጎደለኝ፣ አስታወስኩት፤ ከተቃጠለ በሳምንቱ ከጥቁሩ መሃል ብቅ የሚለው አረንጓዴ ጫፍ። እሱንም በመርፌ አንድ በአንድ ተከልኩ። ሳጥኑ ውስጥ መጥረጊያ የያዘች ሁለት ሳንቲሜትር የምታህል ሴትዮ ነበረች። መጥረጊያዋን ቆርጬ ቅጠል አስያዝኳት፣ ፊቷን ቡናማ ቀባኋት፣ መጨረሻው ቤት ጋ አቆምኳት። ሥራው ሳምንቱን ሙሉ፣ ከፋብሪካ ስመለስ ስመለስ ፈጀብኝ። ለመናገር አፍራለሁ እንጂ ደስ እያለኝ ነበር የሠራሁት።

ሄር ኩንዝ ዓርብ ከሰዓት ተመለሰ። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ክፍሉን ከፈተና በሩ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው ይኼ? ጦርነት ነው?»

«ተቃጥሎ ነው። እሳት እንዳይደርስባቸው።»

«የምን እሳት?»

«የሚመጣው።»

«እዚህ አገር እሳት ሲመጣ ስልክ ነው የሚደወለው» አለኝ። «ነገ ሰዎቹ ይመጣሉ። ይኼን አይተው አይወስዱትም። አበላሸኸው።»

የገባኝ ያኔ ነው። ክፍሉ ያልተለቀቀው በራሴ እጅ ነው፣ ዘሀራን በከሰል ዘጋሁባት። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ልጠርገው አልኩ፣ ሙጫ ነው፣ አይነሳም። በሕይወቴ ከናቅሁት ነገር ሁሉ በላይ የናቅሁት መጫወቻ ፊት ቆሜ ከሰሉን በጥፍሬ እፍቅ ነበር።

በማግሥቱ ከረፋዱ ላይ ሰባት ሽማግሌ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ መስጊድ እንደሚገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ። ጋራውን አደነቁ፣ የእርግቡን ኩስ አደነቁ፤ እኔም ኮራሁ፣ አትፍረዱብኝ። መንደሩ ጋ ሲደርሱ ሊቀ መንበራቸው «ይኼ የቦምብ ነው?» አለ። ሄር ኩንዝ ወለሉን ያይ ነበር።

ከኋላ የቆመ አንድ ዱላ የያዘ ሽማግሌ ሰዎቹን በክርኑ ገፋ ገፋ አድርጎ መጣ። ከሰባቱ በእውነተኛ ባቡር ላይ የሠራው እሱ ብቻ ነው፣ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ተጎነበሰ፣ አፍንጫው ጣሪያዎቹን ሊነካ እስኪደርስ።

«እኛም እንዲህ እናደርግ ነበር» አለ። «የእንፋሎቱ ባቡር ፍም ይተፋል። ሣሩ ሲደርቅ በሐዲዱ ዳር ያለውን ቀድመን እኛው እናቃጥል ነበር፣ እሳቱ ወደ ሰው ቤት እንዳይሄድ። አንዱ ይለኩሳል፣ ሌላው በቅርንጫፍ ይመታል። አረንጓዴውም እንዲህ ነው የሚወጣው፣ ልክ እንዲህ።» ከዚያ ሴትዮዋን በጣቱ አመለከተ። «እሷም አመታቷን ታውቅበታለች።» ዞሮ እኔን አየኝ። «ማን አሳየህ?»

«ሚስቴ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። በጀርመን ምድር ያልናቅሁት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ሰባቱም ተጎነበሱ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ ፎቶ አነሱ። በጠረጴዛው ላይ እውነት የሆነው ይኼ ብቻ ነው አሉ። ሊቀ መንበሩ በሚቀጥለው ቅዳሜ በጭነት መኪና እንመጣለን ብሎ የሄር ኩንዝን እጅ ጨበጠ። እኔ ኩሽና ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ዱዓ አደረግሁ። ለዘሀራ ልደውል ስልኬን አንስቼ ተውኩት፤ ወረቀቱ ተፈርሞ በእጄ ይግባ ብዬ።

እሑድ ጠዋት ሄር ኩንዝ ጠራኝ። ክፍሉ ውስጥ ወንበር አስገብቶ መንደሩ ፊት ተቀምጧል፣ ያቺው የጠገንኩለት ወንበር።

«አልሰጣቸውም» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሃያ ሁለት ዓመት የሞተ ነገር ነበር። አሁን ገና ነፍስ ዘራ። ጫካውን እንዲህ እንሠራዋለን፣ ጣቢያውን እንዲህ እንሠራዋለን፣ አንተና እኔ።»

«ሄር ኩንዝ፣ ሚስቴስ?»

«ስትመጣ ታየዋለች። በፈለገች ሰዓት።»

«የት ሆና ነው የምታየው?»

ሻይ ትጠጣለህ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ ቤት አፈላልግልሃለሁ አለ፤ በዚህች ከተማ ለኔ ዓይነት ሰው ቤት በስንት ወር እንደሚገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ይኼ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩለትም። ሻይ አፍልቶ ሊያመጣ ሲወርድ ብቻዬን ከጠረጴዛው ጋር ቀረሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ክንድ ይገለበጣል፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ያዝኩ። ከዚያ ቀለበቶቹን አየሁ፣ አረንጓዴዎቹን ጫፎች አየሁ፣ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። ራሴን ከሰውዬው አብልጬ ናቅሁት። ዘሀራም ክፍሉ ውስጥ ገብታለች፣ ሁለት ሳንቲሜትር ሆና፣ ቅጠሏን ይዛ።

ቀጥሎ ባለው ሳምንት ቤት ፈለግሁ። ያንኳኳሁት ሁሉ ስሜን ሲሰማ ትናንት ተከራየ ይላል። የቢሮዋ ሴትዮ ጊዜ እንድትጨምርልኝ ሄድኩ፣ ቁልቋሏን ውሃ እያጠጣች «የዓመቱ መጨረሻ የዓመቱ መጨረሻ ነው» አለችኝ። ታኅሣሥ ገብቶ ነበር። ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ ከፋብሪካው ጀርባ ቆሜ ለዘሀራ ደወልኩ። ጥርት ያለ ኔትዎርክ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ካለው ማንጎ ሥር ስለሆነ ሮጣ እስክትደርስ ትንፋሿን ሰማሁት።

«ክፍሉ ኸላስ?» አለችኝ፤ አለቀ ወይ ማለቷ ነው።

«እማ ደኅና ናት?» አልኳት።

«እማ ባምባሲ ሄደ። እህትህ መጣ፣ ወሰደው። እማ፣ ‹ብቻዬን ምን ይሠራል፣ ሰይድ ሊወስድህ ነው› አለኝ፣ አለቀሰ።» ትስቃለች። «ፍየል ሸጥኩ። አልጋውን ለጎረቤት ሰጠሁ። ሻንጣ ገዛሁ፣ ቀይ ነው። አሁን ምንጣፍ ላይ እተኛለሁ፣ እንግዳ መሰልኩ በቤቴ።»

«ሣሩስ?»

«የምን ሣር?»

«የቤቱ ዙሪያ። አቃጠልሽ?»

«ለምን አቃጥላለሁ? እኔ የሚሄድ ሰው ነው።» አሁንም ትስቃለች። «ዘንድሮ እንዴት በቀለ መሰለህ። በር ላይ ቆሟል፣ ክዳኑን ነክቷል። ጎረቤት ሁሉ አቃጠለ፣ እኔን ዘሀራ ሰነፍ ሆነ አሉ፣ ይበሉ። ባሌ ኅዳር ብሎኛል፣ ክፍሉ ባዶ ይሆናል ብሎኛል አልኳቸው። ወደ ኩርሙክ በኩል ጭስ አለ፣ እኔ ግን ምን አገባኝ።»

በስልኩ ውስጥ ነፋሱን ሰማሁት፣ ሣሩ ሲንሿሿ ሰማሁት። ያ ድምፅ እርጥብ ሣር አይደለም። ግማሽ እርጥብ የሚሆንበት ጊዜ አልፏል፣ አሁን ክብሪት ስታሳየው ይነሳል፣ አሁን አንድ ሰው ብቻውን የሚነካው ነገር አይደለም። ባለፈው ወር አሥራ አራት የፕላስቲክ ቤት ከእሳት አድኛለሁ።

«ዘሀራ።»

«ወይ።»

«ዛሬውኑ ሰው ፈልጊ። ነፋሱ ሲበርድ አቃጥዪው።»

ሳቋ ተቋረጠ። ስለ ክፍሉ አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

«ዙሪያውን ሁሉ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ዙሪያውን ሁሉ።»

«እሺ» አለች። ስልኩን ሳትዘጋው ወደ ቤት መሄድ ጀመረች። ሣሩ ልብሷን ሲነካው ይሰማኛል፣ በሩን ስትገፋው ይሰማኛል። ከዚያ ዚፕ ተሰማኝ፤ ያንን ቀይ ሻንጣ ከፍታ አብራ የሸከፈችውን ክብሪት ስትፈልግ ቆየች።